የአሮጌ መኪና ፖርቶ መጋላ ብሎን ስለ መፍታትና በአዲስ ስለ መተካት

በየክልሉ፣ በየዞኑና በየወረዳው የእርሻን ሥራ የምትመሩ ሁሉ፣ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ከብት ጤና ልንጽፍበት በሚገባን ገጽ ላይ ስለ ብሎን መጻፋችን ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ነገር ግን ዘሩም ችግኙም መሣሪያውም ከመጋዘን ወጥቶ ወደ ገበሬው መንደር የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በአሮጌ መኪና ጣሪያ ላይ ተጭኖ ነው። ይህን ጭነት የሚሸከመውን ፖርቶ መጋላ ከመኪናው ጋር አጣብቀው የያዙት ደግሞ ስድስት ወይም ስምንት ብሎኖች ብቻ ናቸው። ሾፌሩ የሞተሩን ዘይትና የጎማውን ነፋስ በየጧቱ ይመለከታል፤ ወደ ጣሪያው ወጥቶ ብሎኑን የሚነካ ግን ጥቂት ነው። የመኪና መውጫ ፈቃድ የምንፈርም እኛም ይህን ጠይቀን አናውቅም።

እኔ ራሴ ይህን የተማርኩት በሐዋሳ ሳለሁ በደረሰብኝ ነገር ነው። ጊዜው በ2009 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ነበር፤ ሐዋሳ ገና የሲዳማ ክልል መቀመጫ ሳትሆን፣ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ማለት ነው። በከተማይቱ በነበረ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግዢ መጠየቂያ የሚያልፈው በእኔ ጠረጴዛ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ዕድሜው የገፋ አንድ ሾፌር ለላንድክሩዘሩ ፖርቶ መጋላ ስምንት ብሎን ከነዳዶው እንዲገዛለት በወረቀት ለመነ። ዋጋው ለሁለት ሰው ምሳ የማይበቃ ነበር፤ እኔ ግን የዚያ ሩብ ዓመት ገንዘብ አልቋል ብዬ «በሚቀጥለው ይታይ» የሚል ቃል ከኅዳጉ ላይ ጽፌ መለስኩት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ስድስት ጆንያ የድንች ዘር ወደ ሀገረ ሰላም እንዲሄድ ታዘዘ፤ እኔም ለቆጠራ አብሬ ተሳፈርኩ።

ይርጋለምን አልፈን ወደ አለታ ወንዶ ስንጓዝ፣ በአንድ ቍልቍለት ላይ ጥጃ ከመንገዱ ገባና ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። በዚያ ጊዜ ከራሳችን በላይ እንደ ተኩስ ያለ ድምፅ ሰማን፤ የፊተኞቹ ሁለት እግሮች ከአሸንዳው ተነቅለው ፖርቶ መጋላው ከነጭነቱ በሞተሩ ክዳን ላይ ተንሸራትቶ ዐሥር እርምጃ ያህል ከፊታችን ወደቀ። ውሃ በጀሪካን የጫነ አህያ የሚነዳ ልጅ በመንገዱ ዳር ይሄድ ነበር። ልጁን እግዚአብሔር አተረፈው፤ የአህያው እግር ግን ተሰበረ። የሀገሩ ሰዎች ተሰብስበው ልጁን አረጋጉት፤ የተበተነውንም ድንች አንድ ሳያስቀሩ ለቅመው መለሱልን። እኔ የአህያውን ዋጋ ከደመወዜ ከፈልኩ፤ ይህንንም የምናገረው ለመመስገን አይደለም፣ ዕዳው የእኔ ስለ ነበረ ነው። ሾፌሩ የተሰበረውን ብሎን ከመሬት አንሥቶ በመዳፌ ላይ አኖረልኝና «ጋሼ፣ በወረቀት የለመንኩዎት ይኸንን ነበር» አለኝ፤ ሌላም አልተናገረም። ብሎኑን ስመለከተው ከስብራቱ ገጽ ከአራት እጅ ሦስቱ እጅ ዝጎ ጠቍሯል፤ አንዱ እጅ ብቻ በዚያች ቅጽበት እንደ ተሰበረ በማብራቱ ይታወቅ ነበር። እንግዲህ ብሎኑ ከብዙ ወር በፊት ጀምሮ ተሰንጥቆ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ሥራ ከጋራዥ ሰዎች ጠይቄ፣ እያየሁና በእጄም እየሠራሁ ያገኘሁትን ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ልናገር፤ በጽሕፈት ቤት የምንኖር ሰዎች መጠየቂያ ስንጽፍ የምንሳሳተው በስም ነውና። ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ላሜራ የሚባሉት ሁሉ ከኢጣልያንኛ የተወሰዱ ቃላት ናቸው። ፖርቶ መጋላ የምንለውም በባለቤቶቹ አፍ «ፖርታባጋሊ» ሲሆን ትርጓሜው ዕቃ ተሸካሚ ማለት ነው። አንዳንድ ጸሐፊ ቋንቋ አሳምራለሁ ብሎ «የጣሪያ ዕቃ መደርደሪያ ማሠሪያ» ብሎ ቢጽፍ፣ ገዢው የማያውቀውን ዕቃ ፍለጋ ሲዞር ይውላል። ስለዚህ ጋራዡ በሚጠራበት ስም መጻፍ ይሻላል።

በየመሥሪያ ቤታችን የሚገኙት አሮጌ መኪናዎች ጣሪያቸው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በጎንና በጎኑ አሸንዳ ያለው ነው፤ በ1940 ዓ.ም. ለዓለም የታየው ላንድሮቨርና በ1977 ዓ.ም. የወጣው ባለ 70 ቍጥር ላንድክሩዘር እንዲህ ያሉ ናቸው። በእነዚህ ላይ የፖርቶ መጋላው እግሮች አሸንዳውን እንደ መንጋጋ ነክሰው ይይዛሉ፤ መንጋጋውን የሚያጠብቀው ብሎን ነው፤ ጣሪያው ግን አይበሳም። ሁለተኛው ዓይነት አሸንዳ የሌለው ነው፤ ጣሪያው ከፋብሪካ ተበስቶ ከላሜራው በታች ዳዶ ተበይዶበታል፤ ብሎኑም ከላይ ይገባል። አንደኛው በአያያዙ ቀላል ነው። ሁለተኛው ግን ብሎኑ ሲላላ ውሃ ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ፣ አንድ ጥፋት ሁለት ጥፋት ይሆናል።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የእጅ ሥራ መምህራችን ብሎን የሚይዘው በመጭመቁ ነው እያለ ያስተምረን ነበር፤ ያን ጊዜ ቃሉን እንጂ ነገሩን አላስተዋልኩም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ብሎን በሚገባ ሲጠብቅ እንደ ተወጠረ ገመድ ጥቂት ይለጠጣል፤ ያ ውጥረት ሁለቱን ብረቶች አጣብቆ እንዳይንሸራተቱ ያደርጋቸዋል። ሲላላ ግን ብረቶቹ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ ብሎኑም በየጊዜው ጥቂት በጥቂት ይታጠፋል፤ ሽቦ ደጋግመን ስናጥፈው እንደሚቈረጥ ሁሉ እርሱም በመጨረሻ ይቈረጣል። መኪናው በኃይል ፍሬን ሲይዝ ደግሞ ጭነቱ ወደ ፊት የሚገፋበት ኃይል ከክብደቱ እኩሌታ ሊበልጥ ይችላል። 200 ኪሎ የተጫነ እንደ ሆነ ከ100 ኪሎ በላይ የሆነ ግፊት በእነዚያ ቀጫጭን ብሎኖች ላይ በአንድ ጊዜ ይወድቃል ማለት ነው።

ዝገቱን በተመለከተ የእርሻ መሥሪያ ቤት መኪና ከሌላው የባሰበት ምክንያት አለው፤ ይኸውም ማዳበሪያ ነው። ኤን ፒ ኤስና ዩሪያ ከአየር ውስጥ ርጥበትን ይስባሉ። ከጆንያው ስፌት የሚፈሰው ዱቄት በእግሮቹ ሥርና በአሸንዳው ውስጥ ይከማቻል፤ ሌሊት ጤዛ ሲያርፍበት ወደ ጨዋማ ውሃ ይለወጣል። እንዲህ ያለው ውሃ ከዝናብ ውሃ ይልቅ ብረትን ፈጥኖ ይበላል። በሐዋሳና በዙሪያዋ ከበልግ ጀምሮ እስከ ክረምት መውጫ ዝናብ ስለሚመላለስ ደግሞ አሸንዳው የሚደርቅበት ጊዜ አጭር ነው። ፖርቶ መጋላው ከአሉሚንየም የተሠራ እንደ ሆነ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ አሉሚንየምና ብረት በርጥበት ውስጥ ሲነካኩ አሉሚንየሙ እየተበላ ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ ዱቄቱም ብሎኑን በቀዳዳው ውስጥ እንደ ሲሚንቶ ያጣብቀዋል። ስለዚህ ማዳበሪያ ተጭኖ በተመለሰ ቍጥር ጣሪያውን በንጹሕ ውሃ ማጠብ ገንዘብ የማያስወጣ ጥበቃ ነው። ማዳበሪያውን ከቶ በጣሪያ ላይ አለመጫን ከዚህም ይበልጣል፤ ነገር ግን የወረዳን ችግር የሚያውቅ ሰው ይህን እንደ ሕግ ሊያዝ አይደፍርም።

ብሎኑ መለወጥ እንደሚያስፈልገው የሚታወቀው በዓይንና በእጅ ነው። ፖርቶ መጋላውን በማዕዘኑ ይዞ ወደ ላይና ወደ ጎን መነቅነቅ፤ ድምፅ ከሰጠ ወይም ከተንቀሳቀሰ ላልቷል። ከብሎኑ ራስ ሥር ቀይ የዝገት እንባ የወረደ እንደ ሆነ ውስጡ ተበልቷል። ቀዳዳው ክብነቱን ትቶ እንደ እንቍላል የሞላለለ ከሆነ ብዙ ጊዜ ላልቶ ሲጓዝ ኖሯል ማለት ነው። በሁለተኛው ዓይነት ጣሪያ ላይ ደግሞ በውስጥ በኩል ያለውን የጨርቅ ሽፋን መመልከት ነው፤ እንደ ቡና እድፍ ያለ ክብ ምልክት ከታየ ውሃ እየገባ ነው።

አሁን ወደ አፈታቱ እንምጣ። መኪናው በደልዳላ ስፍራ ይቁም፤ ጭነቱ ሁሉ ይውረድ። ሥራው የሁለት ሰው ነው፤ ከብረት የተሠራ ፖርቶ መጋላ ብቻውን 50 ኪሎና ከዚያም በላይ ሊመዝን ስለሚችል ለአንድ ሰው አይሞከርም። በላሜራው ላይ መቆም አይገባም፣ ይሰረጕዳል፤ ከጎን መሰላል አቁሞ መሥራት ነው። ከዋዜማው ማታ እያንዳንዱ ብሎን በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ይደረግበት፤ እርሱ የጠፋ እንደ ሆነ ናፍጣ ከቀጭን የሞተር ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ይሠራል። ዘይቱ በጥርሱ ውስጥ የሚዘልቀው በዝግታ ስለ ሆነ ሌሊቱን ይደር፤ ጧትም ይደገም። ከዚያ የብሎኑን ራስ በትንሽ መዶሻ ጥቂት ጊዜ ቀስ ብሎ መምታት ዝገቱን ይሰነጣጥቀዋል።

የመፍቻው ነገር ዋና ነው። አፉ የሚሰፋና የሚጠብ መፍቻ ለዚህ ሥራ አይረባም፤ የብሎኑን ማዕዘን አሟልጦ ክብ ያደርገዋል፤ ክብ የሆነ ብሎን ደግሞ በምንም አይያዝም። ልኩ የሆነ፣ ራሱን ከስድስቱ ማዕዘን የሚይዝ ዝግ መፍቻ ያሻል። በቶዮታ መኪናዎች ላይ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ብሎን ባለ 10 ቍጥር መፍቻ፣ ለ8 ሚሊ ሜትር ብሎን ባለ 12 ቍጥር መፍቻ ይገጥማል፤ ከገበያ በሚገዛ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ 13 ቍጥር ነው። መጀመሪያ ወደ መጥበቂያው በኩል ጥቂት መሞከር፣ ቀጥሎ ወደ መፍቻው በኩል መመለስ፤ እንዲህ እያሉ ማመላለስ ዝገቱን ይሰብረዋል። በአንድ ጊዜ በኃይል መጎተት ግን ብሎኑን ይሰብረዋል። ብሎኑ እየወጣ ሳለ ከከበደ ዘይት ጨምሮ ወደ ኋላ መመለስ ነው እንጂ መጨከን አይገባም።

አንዱን ጨርሶ አውጥቶ ወደ ሌላው መሄድም ስሕተት ነው። ሁሉም በየተራ ግማሽ ዙር ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ይውጡ፤ አለዚያ በመጨረሻ የቀሩት ብሎኖች ክብደቱን ሁሉ ተሸክመው ይጣመማሉ። በጋራዥ የተጣበቀን ብሎን በእሳት ማሞቅ የተለመደ ነው፤ በጣሪያ ላይ ግን ከላሜራው በታች ጨርቅና ስፖንጅ ስላለ በአንድ ቅጽበት ይያያዛል፤ ሽፋኑ ካልወረደ በቀር እሳት አይቅረብ።

ብሎኑ በቀዳዳው ውስጥ የተሰበረ እንደ ሆነ መካከሉን በነጥብ መምቻ አመልክቶ በትራፓኖ መብሳት ነው። በቀጭኑ ጀምሮ ቀስ በቀስ ማስፋት፤ ለ6 ሚሊ ሜትር ብሎን ከ5፣ ለ8 ሚሊ ሜትር ከ6.8 የሚበልጥ መብሻ የዳዶውን ጥርስ ያጠፋል። መብሻው ጠልቆ የውስጡን ሽፋን እንዳይበሳ በሚፈለገው ልክ ላይ ፕላስተር መጠቅለል ይረዳል፤ ሠሪውም መነጽር ያድርግ። ከላሜራው በታች የተበየደው ዳዶ ተላቅቆ ከብሎኑ ጋር አብሮ የሚዞር ከሆነ ከላይ መታገል ከንቱ ድካም ነው፤ የውስጡን ሽፋን አውርዶ ዳዶውን በፒንሳ መያዝ ያስፈልጋል። ይህ ሥራ የጋራዥ ነውና ለሾፌር አይታዘዝ።

አዲሱን ብሎን መምረጥ ከመፍታቱ ይልቅ ማስተዋልን ይጠይቃል። ብሎን በውፍረቱ፣ በርዝመቱ፣ በጥርሱ ስፋትና በጥንካሬው ይለያል። ውፍረቱን በሚለካ መሣሪያ መለካት ይገባል፤ በዓይን መገመት ያታልላል። በአሮጌ ላንድሮቨሮች ላይ ያለው የእንግሊዝ ልክ በኢንች ነው፤ 5/16 ኢንች ብሎን 7.94 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ ከ8 ሚሊ ሜትሩ ጋር መንታ ይመስላል፤ ጥርሱ ግን አይገጥምም። ሁለት ዙር ይገባና ይጠነክራል፤ የጠበቀ መስሎት የሚገፋ ሰው ዳዶውን ያበላሻል። ጥርሱን ለመለየት ማስመሪያ አስጠግቶ ዐሥር ጥርስ መቍጠር ነው፤ በተለመደው የ6 ሚሊ ሜትር ብሎን ዐሥሩ ጥርስ 10 ሚሊ ሜትር፣ በ8 ሚሊ ሜትሩ 12.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ርዝመቱ ከአሮጌው ጋር እኩል ይሁን። አጭር ከሆነ የሚይዘው ጥርስ ያንሳል፤ ቢያንስ የውፍረቱን ያህል በዳዶው ውስጥ መግባት አለበት። ረጅም ከሆነ ደግሞ ከታች ያለውን ሽፋን ይበሳል።

ጥንካሬው በብሎኑ ራስ ላይ በቍጥር ተቀርጾ ይገኛል። 8.8 የሚል ቢሆን የመጀመሪያው 8 በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ወደ 80 ኪሎ ያህል ተስቦ እንደሚበጠስ ያመለክታል፤ ሁለተኛው ከዚህ ከመቶ 80 እጅ እስኪደርስ ድረስ ተለጥጦ ሳይቀር ወደ ቦታው እንደሚመለስ ያስረዳል። 4.8 የሚለው በእኩሌታ የደከመ ነው። ምንም ቍጥር የሌለውን ለበርና ለአልጋ ይተውት። በዚንክ የተለበጠ ለዝናብ ይሻላል። ከማይዝግ ብረት የተሠራውም መልካም ነው፤ ነገር ግን በአሉሚንየም ላይ የሚገባ ከሆነ በመካከላቸው ግራሶ መቀባት፣ ሮንዴላውንም ከጎማ ወይም ከፕላስቲክ ማድረግ ያሻል፤ ይህን ያልኩት ብሎኑ ሳይዝግ አሉሚንየሙ ስለሚበላ ነው።

ብሎኑ ከመግባቱ በፊት ስፍራው ይጽዳ። ዝገቱ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ተፍቆ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባ፤ ቀለሙም በሚገባ ይድረቅ። በዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ዝገቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያቆመውም። በተበሳ ጣሪያ ላይ ከእግሩ በታች የጎማ ንጣፍ ይደረጋል፤ ቀዳዳውም ዙሪያውን በሲሊኮን ይታሸጋል። በዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል፤ ሲቀባ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ስለሚያወጣ ላሜራውን ያዝገዋል። እንደ ኮምጣጤ የማይሸተውን፣ ለብረት የተሠራውን መጠየቅ ይገባል።

ከዚህ በኋላ ብሎኖቹ ሁሉ በእጅ ጣት ይግቡ፤ በጣት የማይገባ ብሎን ወይ ልኩ አይደለም ወይ ጠምሞ ገብቷል። ሁሉም ከገቡ በኋላ በመፍቻ ማጥበቅ ይጀመራል፤ ከግራ ፊት ወደ ቀኝ ኋላ፣ ከቀኝ ፊት ወደ ግራ ኋላ እየተሻገሩ በሁለትና በሦስት ዙር ማጥበቅ ነው። የመኪናው መጽሐፍ ሌላ ካላዘዘ ለ6 ሚሊ ሜትር ብሎን ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል። ይህም አንድ ክንድ በማይሞላ መፍቻ ላይ በእጅ አንጓ ብቻ የሚደረግ ኃይል ነው፤ በመፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክቶ የሚጎትት ሰው ብሎኑን ገና ሥራ ሳይጀምር ይገድለዋል። በአሸንዳ ላይ በሚነክሰው እግር ከዳዶው ሥር ሰፊ ሮንዴላ ይግባ፤ ዳዶውም በውስጡ የናይለን ቀለበት ያለው ቢሆን በንቅናቄ አይላላም። እንዲህ ያለው ዳዶ ናይለኑ ስለሚያረጅ ከተፈታ በኋላ መልሶ አይገጠምም።

በመጨረሻም ከዳዶው ጀምሮ እስከ እግሩ ብረት በቀለም አንድ ቀጭን መስመር ይሰመር። ዳዶው ከተንቀሳቀሰ መስመሩ ስለሚለያይ፣ ብሎን አይቶ የማያውቅ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ እንኳ መላላቱን ከመሬት ቆሞ ያውቃል። በተበሳ ጣሪያ ላይ ሲሊኮኑ ከደረቀ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ውሃ አፍስሶ የውስጡን ሽፋን በእጅ መዳሰስ ነው። አዲስ ብሎን ከጥቂት ጉዞ በኋላ ቦታውን ስለሚይዝ ጥቂት ይላላል፤ ከሐዋሳ የተነሣ መኪና ይርጋለም ሲደርስ ቆሞ አንድ ጊዜ ቢታይ ይበቃል።

የክብደቱ ነገር ከመልካም ብሎንም ያልፋል። ለመኪናው የተወሰነለት የጣሪያ ጭነት በመጽሐፉ ተጽፏል፤ የፖርቶ መጋላው የራሱ ክብደትም ከዚያው ይታሰባል። ለምሳሌ የተፈቀደው 100 ኪሎ፣ ፖርቶ መጋላው 50 ኪሎ ቢሆን፣ የሚጫነው አንድ ጆንያ ማዳበሪያ ብቻ ነው። እኛ በዚያን ቀን የጫንነው ስድስት ጆንያ ነበር፤ ቈጥሬ የፈረምኩትም እኔ ነኝ።

መጠየቂያ ሲጻፍ ከወጡት ብሎኖች አንዱ በፖስታ ተደርጎ ከወረቀቱ ጋር ይያያዝ፤ በፖስታው ላይ የመኪናው ዓይነት፣ የተሠራበት ዘመን፣ የታርጋው ቍጥር፣ የብሎኑ ውፍረት፣ ርዝመት፣ የዐሥር ጥርስ ልክና በራሱ ላይ ያለው ቍጥር ይጻፍ። ስምንት ብሎን ለሚያስፈልገው መኪና ዐሥር ይጠየቅ፤ ሁለቱ ከነዳዶውና ከሮንዴላው ልኩ ከሆነው መፍቻ ጋር በሾፌሩ ሣጥን ይቀመጡ።